ዱባዬ ቀትር ላይ ይጠወልጋል፣ ውሃም አልመለሰውም (ሐዋሳ)

የሐይቅ ዳር ጓሮ | ኅዳር 4፣ ከምሽቱ 1:40

ጤና ይስጥልኝ የጓሮ ወዳጆች። የምጽፈው ከሐዋሳ ነው፣ ሐይቅ ዳር አካባቢ። ከቤታችን ጀርባ 4 በ6 ሜትር የምትሆን መሬት አለችኝ። መስከረም 12 ላይ ዱባ ተከልኩባት፣ አምስት በቀሉ። እስከ ጥቅምት አጋማሽ ሲያዩዋቸው ያስደስቱ ነበር። ሐረጋቸው አጥሩን ይዞ መውጣት ጀምሮ ነበር።

አሁን ሦስቱ እየሞቱብኝ ነው። 6 ሰዓት ሲሆን ቅጠላቸው እንደ ታጠፈ ጃንጥላ ቁልቁል ይወርዳል። መጀመሪያ ማታ ማታ ይነሱ ነበር። ካለፈው ሳምንት ወዲህ ግን አንደኛው ጠዋትም አይነሳም። የታችኞቹ ቅጠሎች ቢጫ ሆነዋል። ጠዋትና ማታ አንዳንድ ባልዲ ውሃ አጠጣለሁ፣ ለውጥ የለም።

አንድ የግብርና መድኃኒት መሸጫ ሄጄ ነግሬያቸው ነበር። ቅጠሉን እንኳ አምጪ ሳይሉኝ የተባይ መርጫ ሸጡልኝ። እስካሁን አልረጨሁትም፣ ልቤ እምቢ አለኝ።

የሚያስጨንቀኝ ዱባው ብቻ አይደለም። ዘሩ የእናቴ ነው። በየዓመቱ ከደህናው ፍሬ እየለየች በጨርቅ ቋጥራ ታስቀምጠው ነበር። ካረፈች ሁለተኛ ዓመቷ ነው። ቋጠሮው ውስጥ የቀረው ዘር አስር አይሞላም። የምታውቁ እባካችሁ እርዱኝ።

---

አዳማ ላይ ያለሁ | ኅዳር 4፣ ከምሽቱ 2:15

አይዞሽ እህቴ። ቀትር ላይ መጠውለግ ብቻውን በሽታ አይደለም። የዱባ ቅጠል ሰፊ ነው። ፀሐይ ስትበረታ ሥሩ ከሚስበው በላይ ውሃ በቅጠሉ ይወጣል፣ ቅጠሉም ይወድቃል። 11 ሰዓት ላይ ከተነሳ ብዙውን ጊዜ ጤነኛ ነው። እኛ አዳማ በሙቀት ጊዜ በየቀኑ የምናየው ነገር ነው።

እኔ አምና በዚህ ደንግጬ በቀን ሦስቴ ሳጠጣ ሥሩን አበሰበስኩት። የገደለው ሙቀቱ ሳይሆን የኔ ውሃ ነበር። ያንቺ ግን ጠዋትም አይነሳም ያልሽው ነገር አላማረኝም።

---

እማዬ ጓዳ | ኅዳር 4፣ ከምሽቱ 2:50

ልጄ፣ ግንዱ ዙሪያ አመድ ነስንሺበት። እኛ ቤት ሁሌም እንደዚያ ነው።

---

ብሩክ የከተማ ገበሬ | ኅዳር 4፣ ከምሽቱ 3:30

እኔ ቪዲዮ ላይ ያየሁት ልክ ያንቺን ይመስላል። ግንዱ ውስጥ የሚገባ ነጭ ትል ነው። የገባበት ቀዳዳ ላይ የመጋዝ ብናኝ የመሰለ ነገር ይታያል። ግንዱን በምላጭ ሰንጥቀው ትሉን ያወጡታል። ሌላ ደግሞ ቢጫና ጥቁር መስመር ያለው ጥንዚዛ አለ፣ ባክቴሪያ አስገብቶ በአንድ ሳምንት ይገድለዋል ይላሉ። ነገ ጠዋት ግንዱን ሰንጥቀሽ እዪው።

---

ሥር ፈታሹ | ኅዳር 5፣ ከጠዋቱ 1:05

ቆዪ እህቴ፣ ግንዱን ገና አትሰንጥቂ።

የሰብል ጥበቃ ነው የተማርኩት፣ ሥራዬም እሱ ነው። ወንድማችን ብሩክ ያየው እውነት ነው፣ ግን የሌላ አገር እውነት ነው። ያ ግንድ የሚቦረቡረው ትልም፣ ያ ባለመስመሩ ጥንዚዛም የአሜሪካ ነፍሳት ናቸው። እዚያ ዱባ ከጠወለገ መጀመሪያ የሚጠረጠሩት እነሱ ስለሆኑ ቪዲዮው ሁሉ ስለ እነሱ ያወራል። እኛ ጋ ያንን ተከትሎ ጤነኛ ግንድ መሰንጠቅ ለበሽታ በር መክፈት ነው።

ዱባ ሲጠወልግ የሚያሳየን አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ውሃ ቅጠሉ ጋ አልደረሰም። ለምን አልደረሰም የሚለውን ቅጠሉ አይነግረንም። መሬቱ ደርቆ ሊሆን ይችላል። መሬቱ ረጥቦ ሥሩ ታፍኖ ሊሆን ይችላል። ሥሩ ተበልቶ ወይም ታሞ ሊሆን ይችላል። ግንዱ ውስጥ ያለው የውሃ መስመር ተዘግቶም ሊሆን ይችላል። አራቱም ከሩቅ ሲያዩዋቸው አንድ ናቸው። ስለዚህ መድኃኒቱን አስቀምጪውና እስቲ እነዚህን ንገሪኝ።

አሁኑኑ፣ ፀሐይ ሳትበረታ እዪው። የጠወለገው ሙሉ ተክሉ ነው ወይስ አንድ ሐረግ ብቻ? አንድ ሐረግ ብቻ ከሆነ ችግሩ እዚያው ሐረግ ላይ ነው። ሙሉው ከሆነ ከግንዱ በታች እንፈልጋለን። ከዚያ ውሃ ሳታጠጪ ጣትሽን እስከ መጨረሻው አንጓ አፈሩ ውስጥ ክተቺ። ደረቅ ነው? እርጥብ ነው? ወይስ ጭቃ? ግንዱን መሬት በሚነካበት ቦታ ላይ በቀስታ ጫን በዪው። ይለሰልሳል? ይሸታል? በረኪና ወይም ኦሞ ያለበት እጣቢ እዚያ ይደፋል? ፍጉ ስንት ጊዜ የቆየ ነው? ትኩስ ፍግ ወይም ግንዱ ሥር የተደፋ ዩሪያ ሥር ያቃጥላል።

ዋናው ጥያቄዬ ደግሞ ይሄ ነው፦ ከዱባው በፊት መሬቱ ላይ ምን ነበር?

---

የሐይቅ ዳር ጓሮ | ኅዳር 5፣ ከጠዋቱ 2:20

እግዜር ይስጥልኝ ወንድሜ። አሁን ከጓሮ መመለሴ ነው።

ሦስቱም ሙሉ በሙሉ ነው የሚጠወልጉት፣ አንድ ሐረግ ለይቶ አይደለም። አፈሩ እርጥብ ነው፣ ጭቃ ግን አይደለም። ሰፈራችን አፈሩ ቀላል ነው፣ አሸዋማ፣ ውሃ አይዝም። ግንዱ ጠንካራ ነው። አይሸትም፣ ቀዳዳም የለውም። እጣቢ ወደዚያ አይሄድም። ፍጉ የከብት ነው፣ ዓመት ያለፈው።

ከዱባው በፊት ሁለት ጊዜ ተከታትዬ ቲማቲም ተክዬበታለሁ። ሁለተኛው ቲማቲም ደህና አላፈራም ነበር፣ ቀጭጮ ቀረ። አሁን ስጽፈው ነው ልብ ያልኩት፦ የታመሙት ሦስቱ ዱባዎች ያሉት የቲማቲሙ መደብ ላይ ነው። ደህና የሆኑት ሁለቱ ግን አጥሩ ጋ ናቸው፣ ድሮ ማገዶ የምንከምርበት ቦታ።

---

የቱላው አባት | ኅዳር 5፣ ከቀኑ 5:00

እኔ ቱላ ነው ያለሁት። ዕድሜዬን ሙሉ ዱባ ተክያለሁ። እንዲህ ማታ ደህና የነበረ ተክል በድንገት ሲወድቅ እኛ መጀመሪያ የምንጠረጥረው ፍልፈልን ነው። ከሥር ገብቶ ይቆርጠዋል። ሐረጉን ያዝ አድርገሽ ብትስቢው ያለ ሥር እጅሽ ላይ ይቀራል። አጠገቡም የአፈር ቁልል ይኖራል። ምስጥም እንደዚያው ነው፣ ግንዱን ከሥር በልቶ ቅርፊቱን ያስቀርልሻል። ያንቺ ግን ቀስ በቀስ ስለሆነ የፍልፈል አይመስለኝም።

---

ሥር ፈታሹ | ኅዳር 5፣ ከቀኑ 7:30

ጋሼ ያሉት ትክክል ነው። ፍጥነቱ ራሱ ይናገራል። በአንድ ሌሊት የወደቀ ተክል ተቆርጧል። በሳምንታት የደከመ ተክል ታሟል።

እህቴ፣ የቲማቲሙ ነገር ብዙ ነግሮኛል። ግን በግምት አንሂድ። ጠዋት የማይነሳውን ተክል መሥዋዕት እናድርገው። እሱ ከዚህ በኋላ አያፈራም፣ ሌሎቹን ግን ሊያድን ይችላል።

መጀመሪያ በንጹሕ ቢላ ግንዱን ከመሬት ትንሽ ከፍ አድርገሽ ቁረጪው። የተቆረጠውን ፊት ተመልከቺ። ነጣ ያለ አረንጓዴ ከሆነ ደህና ነው። ዙሪያውን ቡናማ ቀለበት ወይም ነጠብጣብ ካየሽ በአፈር ውስጥ የሚኖር ፈንገስ የውሃ መስመሩን ዘግቶታል ማለት ነው። ከዚያ የጣት ርዝመት ያለው ቁራጭ ወስደሽ ንጹሕ ውሃ ባለበት ብርጭቆ ውስጥ አንጠልጥዪው፣ ጫፉ ውሃውን ይንካ። አሥር ደቂቃ ያህል ሳትነቀንቂ ጠብቂ። ባክቴሪያ ከሆነ ወተት የመሰለ ቀጭን ክር ከቁራጩ ወደ ታች ይወርዳል።

በመጨረሻ ሥሩን አውጪ። አደራ፣ አትንቀዪው! ስትነቅዪው ዋናው ማስረጃ ተበጥሶ መሬት ውስጥ ይቀራል። ግንዱን ዙሪያውን በስንዝር ርቀት ቆፍረሽ ከነአፈሩ አንሺውና ባልዲ ውሃ ውስጥ ዘፍዝፊው። አፈሩ በራሱ ይለቃል።

---

ሐረገወይን | ኅዳር 5፣ ከቀኑ 9:10

ይቅርታ መሐል ገብቼ። ጎረቤቴ እንሰቷን አጠውልግ ጨርሶባታል። ወደ ዱባ ይተላለፋል እንዴ? እኔም አጥሩ ሥር ዱባ አለኝ።

---

ሥር ፈታሹ | ኅዳር 5፣ ከቀኑ 9:25

አይተላለፍም፣ አትስጊ። የእንሰት አጠውልግ ባክቴሪያ ነው፣ የሚታወቀውም በእንሰትና በሙዝ ነው። ሙዝ ካለሽ ግን ለእሱ ስጊ። እንሰት የተቆረጠበትን ቢላ በእሳት ሳታሳልፉ ሌላ እንሰት ወይም ሙዝ እንዳትነኩበት ለጎረቤትሽም ንገሪያት።

---

የሐይቅ ዳር ጓሮ | ኅዳር 6፣ ከጠዋቱ 3:45

ያላችሁኝን ሁሉ አደረግሁ። ስቆርጠው እጄ ተንቀጥቅጦ ነበር፣ ግን አደረግሁት።

የግንዱ ፊት ንጹሕ ነው፣ ቡናማ ነገር የለውም። ብርጭቆው ውስጥ ሩብ ሰዓት አቆየሁት፣ ውሃው እንደጠራ ነው። ሥሩን ግን ከባልዲው ሳወጣው ደነገጥኩ። የዱባ ሥር ቀጥ ያለ፣ ነጭ፣ ክር የመሰለ ነበር የማውቀው። ይሄ በክር ላይ እንደተሰካ ጨሌ ነው፣ አንዱ እብጠት ከአንዱ ጋር ተያይዞ። ትልልቆቹ ዝንጅብል ያክላሉ። ቀጫጭኖቹ ሥሮች አልቀዋል ማለት ይቻላል። ፎቶውን አያይዣለሁ።

---

እማዬ ጓዳ | ኅዳር 6፣ ከጠዋቱ 4:10

ልጄ፣ የባቄላ ሥር ላይም እኮ እንዲህ ያለ ፍሬ ፍሬ ነገር አለ። እሱ ለመሬቱ ጥሩ ነው ይሉናል። ይሄስ እንደዚያ አይሆንም?

---

ሥር ፈታሹ | ኅዳር 6፣ ከጠዋቱ 4:40

እማማ፣ ይህን ስላነሱልኝ አመሰግናለሁ፣ ብዙ ሰው ይሳሳትበታል። የባቄላው ፍሬ ከሥሩ ጎን ላይ የተለጠፈ ነው። በጥፍር ገፋ ሲያደርጉት ይወልቃል። ሲቆርጡት ውስጡ ቀላ ያለ ነው። እሱ የሚረዳ ባክቴሪያ ቤት ነው፣ ዱባ ላይ ደግሞ ጭራሽ አይወጣም። እዚህ ፎቶ ላይ ያበጠው ራሱ ሥሩ ነው። ልገፋ ቢሉ ሥሩ ይበጠሳል እንጂ እብጠቱ አይወልቅም።

እህቴ፣ ይሄ ኔማቶድ ነው። በዓይን የማይታይ የአፈር ትል ነው። ሥሩ ውስጥ ገብቶ ይቀመጣል፣ ሥሩም በዙሪያው ያብጣል። ያበጠ ሥር ውሃ በደንብ አያሳልፍም። ለዚህ ነው አፈሩ እርጥብ ሆኖ ዱባሽ የተጠማው። ባልዲውን ብትጨምሪም የሚጠጣበት አፍ የለውም። የሸጡልሽ መርጫም ቅጠል ላይ ያለ ነፍሳት የሚገድል እንጂ እዚህ የሚደርስ አይደለም። አበባ ላይ ብትረጪው ንቦቹን ትጨርሺ ነበር። ዱባ ወንዴና ሴቴ አበባው ለየብቻ ስለሆነ ያለ ንብ ፍሬ አይዝም። ልብሽ እምቢ ማለቱ ጠቅሞሻል።

ሞቃት ቦታና ቀላል፣ አሸዋማ አፈር ይመቸዋል። የኛ ስምጥ ሸለቆ ሁለቱንም ይሰጠዋል። አንዷ እንስት በመቶዎች የሚቆጠር እንቁላል ትጥላለች፣ ሙቀት ካለ በወር ገደማ አዲስ ትውልድ ይወጣል። ሁለት ጊዜ በተከታታይ ቲማቲም ስትተክዪ ሁለት ጊዜ ቀልበሽዋል። የቀጨጨው ቲማቲምሽ ያኔውኑ ታሞ ነበር። ምናልባትም ከተገዛ ችግኝ አፈር ጋር ገብቶ ይሆናል።

ዱባና ቅል አበቃቀሉ ለየቅል ይባላል፣ ለዚህ ትል ግን አንድ ናቸው። ኪያር፣ ዝኩኒ፣ ሐብሐብ፣ ድንች፣ ካሮት፣ ፎሶሊያ ሁሉም ምግቡ ናቸው።

---

የሐይቅ ዳር ጓሮ | ኅዳር 6፣ ከጠዋቱ 4:55

እንግዲህ የቀሩት አራቱስ? ተስፋ አለ?

---

ሥር ፈታሹ | ኅዳር 6፣ ከቀኑ 6:30

አለ። ትሉን በዚህ ወቅት አናጠፋውም፣ ተክሉን ግን ማገዝ እንችላለን።

ዱባ አንድ ትልቅ ስጦታ አለው። ሐረጉ በየአንጓው ላይ አዲስ ሥር ያወጣል። የሁለቱን ሕሙማን ሐረግ ከቲማቲሙ መደብ አውጥተሽ ወደ ማገዶው ቦታ ምሪው። ከዋናው ግንድ ሜትር ያህል የራቁ ሁለት ሦስት አንጓዎች ምረጪ። አፈሩን ትንሽ ፈልፈል አድርገሽ አንጓውን አስተኚና በበሰለ ኮምፖስት ሸፍኚው። ቅጠሉን አትሸፍኚ። እዚያ ላይ እርጥበቱ እንዳይጠፋ አድርጊ። በሁለት ሳምንት ውስጥ ከንጹሕ አፈር የሚጠጣ ሁለተኛ አፍ ይኖረዋል።

ውሃውን ጠዋት ብቻ አጠጪ፣ በዝግታ፣ ግንዱ ላይ ሳይሆን ዙሪያውን። ደረቅ ሣር ጎዝጉዢበት፣ ከግንዱ ግን በእጅ መዳፍ ያህል ይራቅ። በታመሙት ላይ ከአንድ ፍሬ በላይ አታስቀሪ። የተነቀለውን ሥር ኮምፖስት ውስጥ እንዳትጨምሪ፣ አድርቀሽ አቃጥዪው። አካፋውን ወደ ደህናዎቹ ከመውሰድሽ በፊት እጠቢው። የእማማ አመድ ለቆራጭ ትል ሊረዳ ይችላል፣ እዚህ ግን አይደርስም። አፈራችንም ተጨማሪ አመድ ብዙ አይፈልግም።

መሬቱን የምናክመው ከምርት በኋላ ነው። የካቲትና መጋቢት ሐዋሳ ሲሞቅ አፈሩን ገልብጠሽ፣ በደንብ አጠጥተሽ፣ ብርሃን የሚያሳልፍ ላስቲክ አልብሺው። ጥቁሩን አይደለም፣ ውስጡ የሚታየውን። ጠርዙን በአፈር ቅበሪ፣ አየር እንዳያስገባ። ከ4 እስከ 6 ሳምንት ይቆይ። ከላይ ያለው የአፈር ክፍል እስከ ስንዝር ገደማ ይግላል፣ አብዛኛው ትልና እንቁላል እዚያው ይሞታል። ከዚያ ቢያንስ አንድ ዙር ነጭ ሽንኩርት ወይም ቀይ ሽንኩርት ትከዪበት፣ አረሙንም አትታገሺው፣ ብዙ አረም ይቀልበዋል።

---

አዳማ ላይ ያለሁ | ኅዳር 6፣ ከምሽቱ 1:20

ይህን ሳነብ ተነስቼ አንዱን ዱባዬን ቆፈርኩ። ሥሩ ነጭ ነው፣ ተመስገን። ግን ቅጠሉ ላይ ነጭ ነጭ ነገር አለው። ይሄስ በሽታ ነው?

---

ሥር ፈታሹ | ኅዳር 6፣ ከምሽቱ 1:35

በጣትህ እሸው። ዱቄት ሆኖ ጣትህ ላይ ከቀረ ሻጋታ ነው። ብዙ የያዛቸውን አሮጌ ቅጠሎች ቁረጥ፣ አየር ይግባበት፣ አንድ እጅ ወተት በዘጠኝ እጅ ውሃ በጥብጠህ ጠዋት ፀሐይ ላይ በሳምንት አንዴ ርጭ። ካልለቀቀ እና የብር ቀለም ሆኖ የቅጠሉን ጅማት ከተከተለ ብዙ ጊዜ የዘሩ መልክ ነው፣ ምንም አይደለም።

---

አዳማ ላይ ያለሁ | ኅዳር 6፣ ከምሽቱ 1:50

አልለቀቀም። ጅማቱን ተከትሎ ነው። እፎይ!

---

የሐይቅ ዳር ጓሮ | ኅዳር 29፣ ከቀኑ 11:15

ዝም ያልኩት ውጤቱን ልጠብቅ ብዬ ነው። ከሁለቱ ሕሙማን አንዱ ሐረጉን ሳዞረው ተሰበረብኝ፣ አልዳነም። በጣም አዝኛለሁ። ሌላኛው ግን ሦስት አንጓ ቀብሬለት ነበር። ዛሬ አንዱን ኮምፖስት በጣቴ ገለጥ ሳደርግ ነጭ ሥር አየሁ። ቀትር ላይ አሁንም ይወድቃል፣ 10 ሰዓት ላይ ግን ይነሳል። ቡጢ የሚያክል ፍሬ ይዟል። ሌሎች የያዛቸውን ፍሬዎች በየቀኑ ስቆርጥ አንጀቴ እየተላወሰ ነው፣ ግን አንዱን ብቻ አስቀርቻለሁ።

---

የቱላው አባት | ኅዳር 30፣ ከጠዋቱ 2:00

ጎበዝ ልጄ። ፍሬው ሥር ደረቅ ሣር ወይም ጣውላ አስገቢለት፣ መሬት ላይ እንዳይበሰብስ።

---

የሐይቅ ዳር ጓሮ | ጥር 24፣ ከቀኑ 8:30

ዛሬ ጨረስኩ። አጥሩ ጋ ያሉት ሁለቱ አምስት ፍሬ ሰጡ። ያ የታመመውም አንዱን ይዞ አደረሰው። ትንሽ ነው፣ ግን ቅርፊቱ ጥፍር አያስገባም፣ እጀታውም ደርቋል። ለሁዳዴ ወጥ የሚሆነን አለን። ልጆቹ ደግሞ ዛሬ ተቀቅሎ ከቡና ጋር ካልበላን ብለዋል።

አንድ ጥያቄ ቀርቶኛል። ከፍሬዎቹ ዘር ላወጣ ነው። ትሉ በዘሩ ይተላለፋል? ለሰው ልስጥ ወይ?

---

ሥር ፈታሹ | ጥር 24፣ ከምሽቱ 12:45

ትሉ የሚኖረው አፈርና ሥር ውስጥ ነው፣ በዱባ ዘር አይተላለፍም። ዘሩን ከልቡ ለይተሽ በደንብ አጥበሽ ጥላ ላይ አድርቂው። ችግኝ ከነአፈሩ ግን ከዚያ መደብ ለማንም እንዳትሰጪ።

ሌላ ነገር ልንገርሽ። በአቅራቢያሽ ሌላ ዓይነት ዱባ ያለው ጎረቤት ካለ ንቦች ያዳቅሉታል፣ የእናትሽ መልክ ሊጠፋ ይችላል። በሚቀጥለው ጊዜ ሊፈኩ የደረሱ አንድ ሴቴና አንድ ወንዴ እንቡጥ ማታ ጫፋቸውን በክር እሰሪ። ጠዋት ከ12 እስከ 3 ሰዓት ባለው ጊዜ ወንዴውን ቀጥፈሽ ሴቴው ላይ አሺው፣ ከዚያ ሴቴውን መልሰሽ እሰሪው። የዚያን ፍሬ ለዘር አስቀሪ።

---

የቱላው አባት | ጥር 24፣ ከምሽቱ 1:30

ለእኔ ጥቂት ዘር ካስቀረሽልኝ እዚህ ቱላ እተክለዋለሁ። ያንቺ መሬት እስኪድን ዘሩ ሁለት ቦታ ይኑር።

---

የሐይቅ ዳር ጓሮ | ጥር 24፣ ከምሽቱ 1:55

ጋሼ፣ ሃያ ፍሬ ዘር ቋጥሬልዎታለሁ። በእናቴ ጨርቅ ነው፣ ጨርቁን ግን ይመልሱልኛል። ላስቲኩን ዛሬ ገዝቼዋለሁ። የካቲት ሲገባ እዘረጋዋለሁ።